አቧራ የማያውቅ ሞተር

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄደው አስፋልት ሐይቅ ከተማን ሰንጥቆ ያልፋል። ከዚያ አስፋልት ወደ ውሃው የሚወርደውን የጠጠር መንገድ የያዘ ሰው የኡበይድን ጋራዥ ሳያይ አይሄድም። ጋራዥ መባሉ ለክብር ያህል ነው። አራት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ከላይ ዝናብ ሲመታው ሰው ከሰው የማያደማምጥ ቆርቆሮ፣ ከታች ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ መሬት፤ በቃ ይኸው ነው። የባለቤቱ መቀመጫ የተገለበጠ ሳጥን ሲሆን እንግዳ ሲመጣ ሳጥኑን ለእንግዳው ይለቅና እሱ ቁጢጥ ይላል።

ኡበይድ ትንንሽ ሞተር እንጂ ሌላ አይነካም። መኪና ይዞ የመጣበትን ሰው «እሱን ወደ ላይ፣ አስፋልቱ ጋ» ብሎ ይሸኘዋል። የእሱ ደንበኞች በሐይቁ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጡ ገበሬዎች ናቸው፤ ፓምፓቸው ሲያስነጥስ ተሸክመው ይመጣሉ። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚያኮርፉ ባለሱቆችም ጀኔሬተራቸውን ያመጡለታል። መስከረም ሲገባ ደግሞ ለግሸን ንግሥ ድንኳን የሚተክሉ ሻይ ሻጮች ይሰለፉበታል። በዚያ ሰሞን ይህ ሙስሊም መካኒክ «እመቤቴ ትባርክህ» ሲባል ይውላል፤ እሱም ከሞተሩ ቀና ሳይል «አሚን» ይላል። ምርቃት ከየትም ይምጣ አይመልስም።

ሙያውን የተማረው አምባሰል ውስጥ በአንድ ወፍጮ ቤት ነው። ጢሙ ገና ሲያቆጠቁጥ የወፍጮው ባለቤት ዘይት እንዲጨምርና እንዲጠርግ ቀጠረው። አንድ ሰሞን ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ። ወጣቱ ኡበይድ ጮሌነት ተሰማውና ባለቤቱ ገበያ በወጣበት ቆርቆሮ ቆርጦ ከኩሽኔታው ሥር ወሸቀበት። ድምፁ ወዲያው ጠፋ፤ እሱም ደረቱን ነፋ። ከሰዓት በኋላ ዋናው ዘንግ ተሰበረ። የአካባቢው ሰው መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ እህሉን በአህያ ጭኖ ሩቅ ወፍጮ ሲንከራተት ከረመ። ባለቤቱ ኡበይድን አልመታውም። «ሠሪው ያላደረገውን ለማድረግ አንተ ምን አገባህ?» ብቻ አለው። ይህች ቃል ከዱላ በላይ ገባችበት።

ከዚያ ወዲህ ሞተር ሲፈታ እያንዳንዱን ቡሎን በወጣበት ቅደም ተከተል በጨርቅ ላይ ይደረድራል። ሲገጥምም ሠሪው ካደረገው አይቀንስም፣ ሠሪው ያላደረገውንም አይጨምርም። ሌላው መካኒክ የጎደለበትን በሽቦና በላስቲክ ሲጠጋግን፣ እሱ ወይ ትክክለኛውን ዕቃ ያስመጣል፣ ወይ «አልችልም» ብሎ ይመልሳል። የከተማው ሰው የሚያምነው በዚህ ነው። እሱም በዚህ ይኮራል፤ ኩራቱን ደግሞ ለመደበቅ ብዙም አይደክምም።

ኢልሀም የታላቅ እኅቱ የራዚያ ልጅ ናት። ዕድሜዋ ገና ሳይጠና ዐረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት ስትሠራ ኖረች። እናቷ የምትኖርበት ባለሲሚንቶ ቤት የቆመው በእሷ ላብ ነው። «በቃኝ» ብላ ስትመለስ ከተማው እልል ብሎ ተቀበላት። ከዚያ ወዲያ ግን ነገር ሁሉ ተጣመመባት። የአባያና የሻርፕ ሱቅ ከፈተች፤ ሰው እየገባ እየዳሰሰ ይወጣል እንጂ አይገዛም፣ ሱቁም ተዘጋ። ሽማግሌ ልኮ፣ ወሬው አልቆ፣ የኒካሑ ቀን የተቆረጠለት ሰው ቤተሰብ ድንገት ድምፁን አጠፋ፤ ለምን እንደቀሩ የነገራት የለም። በተረፋት ጥሪት ሐይቁ ዳር ከጠጠሩ መንገድ ጥግ ቁራሽ መሬት ተከራይታ ቀይ ሽንኩርት አፈላች። ፓምፕም የሚያርስ ነገርም ያስፈልጋታል። ኮምቦልቻ ወርዳ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ያየችውን ቀይ መሣሪያ በአይሱዙ ጭና መጣች።

«አጎቴ፣ ትራክተር ገዛሁ» አለች ከጋቢናው ሳትወርድ። «የእጅ ትራክተር። እስቲ ይዩት።»

ኡበይድ ወጥቶ ዞረው። ሁለት ጎማ አለው። ከፊቱ ሰፊ የብረት አፍ፣ ከአፉ ውስጥ ጠመዝማዛ ብረት፣ ከአናቱ ላይ ደግሞ ወደ ጎን የተቆለመመ ሰፊ ቧንቧ። ነጋዴው «አፈሩን እየበላ በጎን ይተፋዋል» ብሏታል። ኡበይድ ጠመዝማዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ስስ ነው። የሐይቅን ኮትቻ መሬት ቀርቶ የታረሰ አሸዋም የሚገፋ አልመሰለውም።

«ምን አሉ?» አለች ኢልሀም።

«እስቲ ልየው» አለ። እስቲ ልየው ሲል ምን እንደሆነ አላወቅሁትም ማለቱ ነው፤ አይቶ ጨርሷልና።

ምን እንደሆነ ያገኘው ሙስዓብ ነው። ሙስዓብ ባጃጁን ጋራዡ ጥላ ሥር አቁሞ ተሳፋሪ የሚጠብቅ፣ ተሳፋሪ ሲመጣም ስልኩን ካልጨረሰ የማይነሳ ሰው ነው። የመሣሪያውን ፎቶ አንስቶ ስልኩ ላይ ሲፈልግ ቆየና ብድግ አለ። «ጋሽ ኡበይድ! በረዶ መጥረጊያ ነው! ወላሂ በረዶ መጥረጊያ!»

ጋራዡ ውስጥ የነበረው ሁሉ ስልኩ ላይ ተደፋ። ቪዲዮው ላይ አንድ ሰው ጋቢ የሚያህል ኮት ደርቦ ያንኑ ቀይ መሣሪያ ይገፋል። ከፊቱ ያለው ነጭ ክምር በአፉ ይገባና በቧንቧው ወደ ጎን ይበተናል። የተሰበሰበው ሰው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በሐይቅ በረዶ ማለት ከደመና ወርዶ ማሽላ የሚያረግፍ ነገር ነው። «የእኛው በረዶ እርሻችንን ጠርጎት ይሄዳል፤ እሱን ደግሞ የሚጠርግ አገር አለ?» አለ አንዱ የሽንኩርት ገበሬ፣ ሳቁም እንደ አዲስ ተነሳ። ኡበይድም ሳቀ። ኢልሀም መጀመሪያ አብራ ሳቀች፤ ኋላ ግን ሻርፗን ወደ ፊቷ ስባ ዞር አለች።

ኡበይድ ይህን ሲያይ ሳቁን ገታ። «ነይ ወዲህ» አላት። «ሞተር ሞተር ነው። አፉም ቧንቧውም ጌጥ ነው፣ እንጥለዋለን። ሞተሩን ከፓምፕ ጋር በቺንጋ ቀበቶ አገናኝልሻለሁ። አብሽሪ።»

እንዳለውም አደረገ። አፉንና ጠመዝማዛውን ፈትቶ ከጋራዡ ጀርባ ጣለ። ሞተሩን በብረት መቀመጫ ላይ አሰረና ከአንድ አሮጌ የፓምፕ ጭንቅላት ጋር አጋጠመው። ሲገጥም ግን አንድ ነገር ጎድሎ አገኘ። ሞተር ከቤንዚኑ ጋር አየር ይስባል። አየሩ አቧራ ይዞ እንዳይገባ ደግሞ ከፊቱ ስፖንጅ ወይም ወረቀት ያለበት ፊልትሮ ይኖራል፤ ኡበይድ እስከ ዛሬ ከፈታቸው ሞተሮች ሁሉ ይህ የሌለው አላጋጠመውም። ይህኛው ግን የለውም። አየሩ የሚገባበትን ካርቦራተር የሚሸፍን ቆርቆሮ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። የተሰበረ ነገር ይኖር እንደሆነ ፈለገ። ፊልትሮ የሚታሰርበት የቡሎን ቀዳዳ ፈለገ። ቀዳዳም የለም፤ ከመጀመሪያውም አልተሠራለትም።

ትንሽ አሰበ። የወፍጮ ቤቱ ቃል ትዝ አለው። ሠሪው ካላስፈለገው እሱ ማን ነው? ቆርቆሮውን መለሰና ቡሎኑን አጠበቀ።

ሞተሩን መጀመሪያ ያስነሳችው ኢልሀም ናት። ኡበይድ የጠገነውን ሞተር እሱ ራሱ አያስነሳም፤ ገመዱን የሚስበው ባለቤቱ ነው። ቢስሚላህ ብላ ሳበችው፣ ተነሳ። ድምፁ እንደ ፓምፕ ሞተር ሻካራ አይደለም፣ ለስላሳ ነው። ሲስቁ የነበሩት ሁሉ «ማሻ አላህ» አሉ። ውሃው ከሐይቁ ተስቦ በቱቦው ወጣ፣ ሽንኩርቱም ጠጣ። ከበጋው መግቢያ ጀምሮ ያ ቀይ ሞተር ጠዋት ጠዋት ሲሠራ ኡበይድ ጋራዡ ሆኖ ይሰማው ነበር። ደስ ይለዋል። የእህቱ ልጅ ነገር በመጨረሻ ተቃንቷል ብሎ ለሚስቱም ነግሯታል።

የኢልሀም መሬት ከጠጠሩ መንገድ ጥግ ነው ብለናል። በበጋ በዚያ መንገድ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አቧራው ይነሳና ሽንኩርቱንም፣ ሞተሩንም፣ ኢልሀምንም ያለብሳል። ሰው ያራግፈዋል፣ ፊቱን ይታጠባል። ሞተሩ ግን ዝም ብሎ ሳበው። መጀመሪያ ዘይት መጠጣት አበዛ። ከዚያ ሰማያዊ ጭስ ይተፋ ጀመር። ከዚያ ጉልበቱ ከዳውና ውሃው በቱቦው አፍ ላይ መንጠባጠብ ሆነ። ሽንኩርቱ ሥሩን መቋጠር በጀመረበት፣ ውሃ ቢቀርበት በማይምርበት ሰሞን፣ ኢልሀም ገመዱን ስትስብ የሚታገላት ነገር አጣች። ገመዱ ባዶ መጣ። ደጋግማ ሳበች፣ ደጋግሞ ባዶ መጣ።

ጎረቤቶቿ ክፉ ሰዎች አይደሉም። በየተራ ከፓምፓቸው ጥቂት ጥቂት ውሃ ለቀቁላት፤ እህል ሲሞት ዝም ብሎ ማየት በዚያ አገር ነውር ነው። አፋቸው ግን አላረፈም። «ገድ የላትም» አሉ። በዚያ አካባቢ ገድ ትልቅ ነገር ነው። እጁ ገድ ያለው ሰው ዘር ያስጀምራል፣ እግሩ ገድ ያለው በዓመቱ መጀመሪያ ቤት እንዲረግጥ ይጠራል። ገደ ቢስ የተባለ ሰው ደግሞ ማንም ሳያባርረው ከሁሉ ነገር እየቀረ ይሄዳል። ወሬው ከውጭ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኢልሀም በቻለችው። ራዚያ ግን ልጇን አስቀምጣ በፍቅር ነገረቻት። «ልጄ፣ እዚያ የነካሽው ሁሉ ተባረከ፣ ይኸው ቤቱ። እዚህ የነካሽው ሁሉ ጠፋ። ሱቁ፣ ኒካሑ፣ አሁን ደግሞ ይኸ። ገድሽ ባሕር ማዶ ነው፣ አላህ የጻፈው ይሆናል። ምን ይደረጋል?» ዱዓ አስደረገችላት፣ አለቀሰችላት፣ አልጨከነችባትም። ኢልሀምም አመነቻት። ፓስፖርቷን ደሴ ላለ ደላላ ሰጠች።

ሞተሩን በሙስዓብ ባጃጅ ጭና ጋራዡ ስታደርሰው ለአጎቷ የነገረችው ይኼንኑ ነው። «አይቸኩሉ፤ እኔ መሄዴ ነው። ከተሠራ እማዬ ታከራየዋለች። እኔ ከዚህ አገር ጋር አልተስማማሁም።» ስትናገር ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ኡበይድን ያስፈራው ይኼ ነበር። የምታለቅስ ሴት ሐሳቧን ልትለውጥ ትችላለች፤ እሷ ግን አልቅሳ ጨርሳ ነው የመጣችው።

እሷ ከሄደች በኋላ ኡበይድ ሞተሩን ከፈተ። ቡሎኖቹን በጨርቁ ላይ ደረደረ። ፒስተኑን ሲያወጣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ተቧጭሮ ተገኘ፤ ከላይ እስከ ታች በጥፍር የተቧጠጠ ያህል መስመር በመስመር ነው። ፒስተኑን የሚከቡት የብረት ቀለበቶች፣ ፋሻዎቹ፣ ተበልተው ስለት ሆነዋል። የካርቦራተሩን ጉሮሮ በጣቱ ጠረገውና ጣቱን ወደ ብርሃን አወጣው። ከዘይት ጋር ተለውሶ የጠነከረ ግራጫ ጭቃ። ጣቶቹን ሲያፋትጋቸው ይንኮሻኮሻል። ይህን ጭቃ ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። የጠጠሩ መንገድ አፈር ነው።

ቁጢጥ እንዳለ ሙስዓብን ጠራው። «ያን የበረዶውን ቪዲዮ እስቲ ድገመው።»

ሙስዓብ ከአሁኑ እየሳቀ ከፈተለት። ኡበይድ አልሳቀም። ሰውየው መሣሪያውን ይገፋል፣ ነጩ ይበተናል። መንገዱ ነጭ ነው፣ ጣሪያው ነጭ ነው፣ ዛፉ ነጭ ነው። ኡበይድ አንድ ነገር ብቻ ፈለገ፣ አጣም። በዚያ ሁሉ ቦታ የአቧራ ዘር የለም። በረዶ በሸፈነው ምድር ምን አቧራ ይነሳል? እንዲያውም ስፖንጅ ቢያደርጉለት በረዶው ገብቶ ይደፍነው ነበር። ሠሪው ፊልትሮ ያላደረገለት አስቦበት ነው፤ ለእነሱ ልክ ነው። ያን ሞተር የዚህ አገር አቧራ መሃል ያለ ፊልትሮ ያቆመው ሌላ ማንም አይደለም፣ ኡበይድ ነው። አይቶታል። ጎድሎ አግኝቶታል። ሠሪውን አክብሮ ዘጋው።

«ምን አገኙ?» አለ ሙስዓብ።

«ምንም» አለ ኡበይድ።

የሐይቅ መካኒክ ሲጨንቀው የሚላት አንዲት ቃል አለች፤ «ቤንዚኑ ነው» ይላል። በየመንገዱ በጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚን በምን እንደሚደባለቅ ስለማይታወቅ የሚከራከር ሰው የለም። ኡበይድም «ቤንዚኑ ነው» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ገበሬዎቹ ቤንዚን ሻጩን ይረግማሉ፣ ራዚያ ገድን ትወቅሳለች፣ ኢልሀም ትሄዳለች፣ የእሱ ስም ባለበት ይቆማል። ፈራ። እውነቱን ለመናገር እጅግ ፈራ። ሀብት የለውም፣ መሬት የለውም፤ ያለው «ኡበይድ አይሳሳትም» የሚል የሰው አፍ ነው።

ስለዚህ አፉን ዘግቶ ወደ ሥራው ዞረ። ሲሊንደሩን ይዞ ደሴ ወጣና ቶርኖ ቤት አስገባው። ባለቶርኖው የተቧጨረውን ውስጡን አስፍቶ ቆረጠለትና አዲስ የብረት ሽፋን አስገባበት። የዚያን ሞተር ፒስተን በአገሩ የሚያውቀው ስለሌለ ኡበይድ የመለዋወጫ ሱቆቹን አንድ በአንድ ዞረ፤ መጨረሻ ላይ የሞተርሳይክል ፒስተን አገኘና ለእሱ ልክ አስቆረጠ። በብረቶቹ መጋጠሚያ መሃል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ከወፍራም ካርቶን በገዛ እጁ ቀደደ። ሐይቅ ተመልሶ ሁሉንም አጥቦ፣ ቀብቶ፣ በቦታው መለሰ። ሽንኩርቱ እስከዚያ በጎረቤት ውሃ ቢጫ ቢጫ እያለም ቢሆን አልሞተም።

የቀረው ፊልትሮው ነበር። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ወስዶ ጎኑን በሚስማር በሳሳው። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጦ በሞተር ዘይት ነከረ፣ ጨመቀና ቆርቆሮው ውስጥ አስገባ። ከካርቦራተሩ አፍ ጋር አሰረው። በሙያው ይህን ያህል ዘመን ኖሮ በሠሪው ሥራ ላይ ከራሱ ሲጨምር ከወፍጮ ቤቱ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አስቀያሚ ሆነ። ቀይ ሞተር ላይ የወተት ቆርቆሮ።

ኢልሀም መልእክት ተልኮላት መጣች። ጋራዡ ውስጥ ሙስዓብና ሁለት ገበሬዎች ነበሩ፤ የበረዶ መጥረጊያው ተነሣ አልተነሣ ለማየት የመጡ ናቸው። ኡበይድ የገመዱን እጀታ ወደ እሷ አዞረው።

«በይ ቢስሚላህ በይና ሳቢው።»

ኢልሀም እጆቿን ከሻርፗ ሥር ደበቀች። «እኔ አልነካውም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«በእኔ እጅ ነው የሞተው። እማዬ የምታከራየው ከሆነ ከአሁኑ አላበላሽባትም። ሌላ ሰው ይሳበው።»

አንደኛው ገበሬ ቀስ ብሎ «ልክ ናት ጋሽ ኡበይድ። ገድ ያለው ሰው ቢያስጀምረው ምን ይጎዳል?» አለ። ክፋት የለበትም፣ ምክር ነው። ሙስዓብም ወደ መሬት አቀርቅሮ ራሱን ነቀነቀ። ኡበይድ የእኅቱን ልጅ አያት። የሰው ቤት ሲያጥብ የሻከረው እጇ ሰርቆ እንደተያዘ ሰው እጅ ተሸሽጓል። ደሙ ፈላ። የተናደደው በማን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል።

«እጅሽ አይደለም» አለ። «እኔ ነኝ።»

ማንም አልገባውም። የወተቱን ቆርቆሮ በካቻቢቴ መታው። «ይህን ታዩታላችሁ? ይህ ያን ጊዜ መኖር ነበረበት። ሞተሩ ከበረዶ አገር ስለመጣ አቧራ አያውቅም፣ ፊልትሮም የለውም። ስገጥመው እንደሌለው አይቻለሁ። አይቼ ዘጋሁት። ያን ሁሉ አፈር ስቦ ነው ያለቀው። የሱልጣንም ልጅ ብታስነሳው ያው ይሞት ነበር።»

ገበሬዎቹ ወደ ሌላ ወደ ሌላ አዩ፤ ሰው ሲያፍር ማየት ያሳፍራልና። ኢልሀም ግን አይኗን ከአጎቷ ላይ አልነቀለችም።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«የከፈትኩት ቀን።»

«የከፈቱት ቀን» አለች። «ከዚያ ወዲህ ደሴ ሄደው መጥተዋል። እኔ ጋ ስንት ጊዜ ደውለዋል። ‘እየሠራሁት ነው’ ብለውኛል።» ድምጿ አሁን ነው የተንቀጠቀጠው። «አጎቴ፣ እኔ የገዛ እጄን ጠልቼዋለሁ። ሽንኩርቱን ለመኮትኮት ስንበረከክ ‘አልንካው፣ ይደርቅብኛል’ እያልኩ በሰው ነው ያስኮተኮትኩት። የጎረቤት ልጅ ሲወለድ ለመታቀፍ ፈርቼ ከደጅ ነው የተመለስኩት። እርስዎ ይህን እያወቁ ቁልፍ ሲያዞሩ ነበር?»

«አዎ» አለ ኡበይድ።

ኢልሀም ወደ ሞተሩ ሄደች። ቢስሚላህ ማለቷን የሰማ የለም፤ ምናልባት ብላም ይሆናል። ገመዱን በንዴት ሳበችው። ታገላት። እንደገና ሳበችው፣ ተነሳ። ቆርቆሮው ትንሽ እየተንቀጠቀጠ ሞተሩ ያን ለስላሳ ድምፁን ያዘ። ማንም «ማሻ አላህ» ለማለት አልደፈረም። እሷም ትንሽ ሰማችውና ጎንበስ ብላ አጠፋችው።

«ሙስዓብ፣ ባጃጅህን አስነሳ» አለች። «አጎቴ፣ ይነሱ። ይህን ያሉትን እማዬ ፊት ይሉታል።»

«ኢልሀም፣ እጄን ልታጠብ እስቲ…»

«እንዲሁ ይሂዱ።»

ሄደ። ሐይቅ ከተማ በዚያ ቀን ጋሽ ኡበይድን እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሮ በባጃጅ ኋላ ወንበር ሲያልፍ አየው። ኢልሀም አጠገቡ ተቀምጣ ወደ ውጭ ታያለች።

ራዚያ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች። ወንድሟን በዚያ ሁኔታ ስታየው «ያ አላህ፣ ማን ሞተ?» አለች። ኡበይድ ቁሞ ነገራት። በጋራዡ የተናገረውን አንድም ሳያስቀር፣ አንድም ሳያሳምር ነገራት። ሞተሩን፣ ፊልትሮውን፣ ካወቀ በኋላ ዝም ማለቱን። ራዚያ አንዱን ባቄላ በጣቷ ይዛ አዳመጠችው። ከኡበይድ በዕድሜ ብዙ ትበልጣለች፤ አዝላ አሳድጋዋለች። ሲጨርስ ቶሎ አልተቆጣችም። ይልቁንም ያመነበትን ነገር በቀላሉ መልቀቅ እንደሚከብደው ሰው ሁሉ በቀረው ተሟገተች።

«ሞተሩ ያንተ ጥፋት ይሁን እሺ» አለች። «ሱቁስ? ሱቁን አንተ ነህ የዘጋኸው? ኒካሑስ? ሽማግሌ ልከው የቀሩት ባንተ ነው?»

«አይደለም እትዬ» አለ ኡበይድ። «እሱን አላውቅም።»

«እንግዲያስ!»

ኢልሀም በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር። ንዴቷ በመንገድ ላይ አልቆ ፊቷ ላይ ድካም ብቻ ቀርቷል። ወደ እናቷ ሳይሆን ወደ እጇ እያየች ተናገረች።

«እማዬ፣ የሱቁም እንዲህ ያለ ሰው ይኖረዋል። የኒካሑም ይኖረዋል። አጎቴ ጥፋታቸውን ነገሩኝ፤ እነሱ ግን መጥተው አልነገሩኝም።»

የራዚያ እጅ በባቄላው ላይ ቆመ። ልጇን አየቻት። «ገድሽ ባሕር ማዶ ነው» ያለችው በዚችው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ እንደነበር ሳታስታውስ አልቀረችም። ከዚያ ሰፌዱን ወደ ጎን አደረገች።

«ፓስፖርትሽ የት ነው ያለው?»

«ደሴ። ደላላው ጋ።»

«ነገ ሄደን እናመጣዋለን» አለች ራዚያ፣ ጉልበቷን ይዛ እየተነሳች። «እኔ ነኝ የምቀበለው። በእኔ ቃል ነው የሰጠሽው።»